ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለእናቶችና ለአባቶች ስንት ሰዓት ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ መርፌና ስለ ቁስል አይደለም። «ሲስተር፣ ልጄን ላርስ አሜሪካ ልሄድ ነው፤ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ ከዚያ ወደዚህ ያለ ማረፊያ ሲመጣ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። መሄጃው ግን ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ የሚያርፍ በረራ 16 ወይም 17 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ፍተሻውና ሰልፉ ሲጨመር፣ ከቤት እስከ ቤት አንድ ቀንና ሌሊት ቁጠሩት።

ብዙዎች ከፍታውን ይፈራሉ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ግን በአብዛኛው ከ2,400 ሜትር ከፍታ የባሰ አይሳሳም፤ ከአዲስ አበባ ብዙ አይለይም። የሚያሠጋው መቀመጡ ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያጋልጣል። እናቶቻችን ደግሞ ሰው ላለማስነሣት፣ መጸዳጃ ቤት ላለመመላለስ ብለው ውኃ ሳይጠጡ ይቀመጣሉ። ይህ ይቅር። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይያዝላቸው፤ ውኃ ይጠጡ፤ ነቅተው ሳሉ በየሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ከደረሱ በኋላ አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ «የመንገድ ድካም ነው» ብሎ ማደር አያስፈልግም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም መርጋት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይሣፈር። አስፕሪንም በራሳችሁ አትጀምሩ።

መድኃኒት ከእጅ ሻንጣ አይለይ። ኢንሱሊን በጭነት ከሄደ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። የሐኪም ወረቀትም አብሮ ይያዝ።

ሰዓቱንም አስቀድሙና አስሉ። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት የሚዋጥ ክኒን እዚያ በክረምታቸው እኩለ ሌሊት ላይ ይውላል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ በጉዞው ቀንና ከደረሳችሁ በኋላ በስንት ሰዓት እንደምትወስዱ ሐኪማችሁ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ትኬት ላይ 22:30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 መሆኑንም አትርሱ።

ትኬት ለምትቆርጡ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። ርካሹን ብቻ አትዩ፤ አውሮፕላን የሚቀየርበትን ብዛትና የሚጠበቅበትን ሰዓት እዩ። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቅ፤ ክፍያ የለውም። እናታችሁ «እኔ ምን ሆኜ» ብትልም ጠይቁላት።