ኩሬው የሚጀምረው ከተራራው ነው

ገበሬዎች ሆይ! በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ጥማት። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። በሐምሌ በደጃችሁ እየደነፋ የሚያልፈው ውሃ ዘራችሁንና አፈራችሁን ጠራርጎ ይሄዳል። በመስከረም ደግሞ ጤፉ ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ድንገት ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ቀን የሚያሻግር ውሃ ያለው ሰው እህል ያስገባል፤ የሌለው ገለባ ያስገባል። እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው የዝናብን ውሃ ተጋግዞ ስለ ማጠራቀም ነው።

በመጀመሪያ እርሳስና ወረቀት አንሡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ይህችን ቁጥር ያዟት። ቤታችሁ የቆርቆሮ ክዳን አለው እንበል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ቢሆን፣ 6 ጊዜ 5፣ 30 ካሬ ሜትር ነው። በክረምቱ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ 30 ጊዜ 600፣ 18,000 ሊትር ውሃ ከጣሪያችሁ ላይ ይወርዳል። ከዚህ አንድ አምስተኛው ተረጭቶና ተንኖ ይጠፋል ብንል 14,400 ሊትር ይቀራል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 720 ጀሪካን መሆኑ ነው። በቀን ሦስት ጀሪካን ለሚበቃው ቤተሰብ የ240 ቀን ውሃ ነው። ይህን ሒሳብ እናቶችና ልጃገረዶች ከወንዱ ቀድመው ይረዱታል፤ ጀሪካኑን የሚሸከመው ጀርባ የእነሱ ነዋ!

ታዲያ ይህን ሁሉ ውሃ በምን ይይዙታል? ባለ 200 ሊትር በርሜል የሚይዘው 10 ጀሪካን ብቻ ነው፤ ሦስት ቀን ቢያደርስ ነው። ቢሆንም አሸንዳና በርሜል ያለው ሰው ማንንም ሳይጠብቅ በቤቱ ሊጀምር ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ በርሜሉም ይከደን። ስለ ጣሪያ ይህ ይበቃናል። የሚያከራክረው ኩሬው ነው።

ኩሬ ሲነሣ ፊቱን የሚያዞር ገበሬ ብዙ ነው፤ ምክንያትም አለው። በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ከሸፈ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ የአገራችን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በዚያን ጊዜ በየቤተሰቡ ኩሬ ይቆፈር ተብሎ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች ሰፊ ዘመቻ ተከፈተ። አሳቡ መልካም ነበር። አሠራሩ ግን ጥድፊያ በዛበት። ይህን ያህል ኩሬ አድርሱ የሚል ቁጥር ከላይ ወረደ፤ ቁጥሩን ለመሙላትም ተሮጠ። ኩሬው ተቆፍሮ ከሥሩ የሚነጠፈው ፕላስቲክ የዘገየበት ቦታ ነበር። ፕላስቲክ የሌለው ኩሬ ውሃውን ለመሬት አጠጣ። በዋልካ መሬት ላይ የተሠራው የሲሚንቶ ጉድጓድ፣ መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ አብሮ ተሰነጠቀ። አጥር ያልነበረው ኩሬ ሰውም ከብትም በላ። ውሃ የያዘውም ቢሆን ውሃውን ማውጫ መሣሪያ አልነበረውም፤ በባልዲ እየተቀዳ ስንት መደብ ይጠጣል? ብዙዎቹ ኩሬዎች ተትተው ደለል ሞላባቸው።

እኛ እንደሚመስለን ከሁሉ የከፋው ስሕተት ገበሬውን አለመጠየቅ ነው። ጎርፉ የት እንደሚያልፍ፣ የትኛው መሬት ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚያሰርግ በአካባቢው ተወልዶ ካረሰው ሰው የበለጠ ማን ያውቃል? ባለሙያው ደግሞ ገበሬው የሌለው የቁመት መለኪያና የዝናብ መዝገብ አለው። ሁለቱ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ የሚቆፈር ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

ከትግራይ አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። ከውቅሮ ከተማ ብዙም ሳይርቅ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ፤ ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኑ ስሙ የታወቀ ነው። አካባቢው ተራራው የተራቆተ፣ አፈሩ የታጠበ፣ ድርቅ የሚመላለስበት ነበር። ሰዎቹ ሥራውን ከላይ ጀመሩት። ተራራውን ከከብት ከለሉ። እርከን ሠሩ፤ ጎርፉን የሚያቆሙ የማስረጊያ ጉድጓዶችን ቆፈሩ። ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘጉ። ውሃው መሮጡን ትቶ ወደ መሬት ሰረገ፤ ከታች በሜዳው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ የጉድጓድ ውሃ በእጅ ቆፍሮ ማግኘት ተቻለ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ተተከለ። አባ ሐዊ በሚባለው ስማቸው የታወቁት የመንደሩ መሪ ሕዝቡን ያስተባበሩ ሰው ነበሩ። ይህ ሥራ በ2004 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ክልሉን ከመምታቱ በፊት ነው።

የዚህን ምሥጢር ልብ በሉ። ከላይ ያለው ተራራ ራቁቱን ከሆነ ጎርፉ አፈር ተሸክሞ ይመጣና ኩሬያችሁን ይደፍናል። ስለዚህ ከታች ያለው ገበሬ ኩሬ የሚድነው ከላይ ያለው ገበሬ እርከን ሲሠራ ነው። ከላይ ያለው ግን «እኔ ምን ተዳዬ? ውሃውን የሚጠጣው እሱ!» ቢል አይፈረድበትም። ጉልበቱን ሰጥቶ ውሃውን ሳያይ ለምን ይደክማል? እንግዲህ መስማማት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ላለው ሰው ከተከለለው ተራራ ሣር ይታጨድለት፤ ወይም ከታች ባለው ኩሬ ዳር መደብ ይሰጠው፤ ወይም በምትኩ ከታች ያሉት ሰዎች እርከኑን አብረውት ይሥሩ። የትኛው እንደሚሻል እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የኮንሶ ሰዎች ሐርዳ የሚሉትን ትልልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ በጋራ ሠርተው፣ በባህላቸው ሥርዓት በጋራ ሲጠብቁት ኖረዋል። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከእርከኖቹ ጋር እነዚህንም ሐርዳዎች ጠቅሷቸዋል።

አሁን እንደገና ወደ ሒሳባችን። አፉ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ 156 ሜትር ኩብ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ስለዚህ 156,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሰው በቀን 1 ሜትር ኩብ አፈር ቆፍሮ ቢያወጣ ብቻውን 156 ቀን ይፈጅበታል። ሳይጨርስ ክረምቱ ይደርስበታል። አሥራ ሁለት ሰዎች በወንፈል ቢገቡበት 13 ቀን ነው። እርግጥ ነው፣ ወንፈል ሲሆን ተራው ስለሚዞር የእያንዳንዱ ሰው ድካም አይቀንስም። ትርፉ ሌላ ነው፤ በአንድ በጋ ቢያንስ ጥቂቶቹ ኩሬዎች አልቀው ዝናብ ይጠብቃሉ።

ታዲያ የማን ይቅደም? ደቦና ወንፈል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ብርቱው ሰው የእሱን አስቆፍሮ ሲያበቃ ወገቤን ይላል። ስለዚህ ተራው በዕጣ ይውጣ። ባሏ የሞተባት ሴትና አቅመ ደካማ ሽማግሌ ጉልበት ስለሌላቸው ብቻ ከተራው አይውጡ፤ ጠላ በመጥመቅ፣ ምግብ በማብሰል፣ መሣሪያ በማዋስ ይቆጠርላቸው።

ከኩሬው የሚጠበቀውንም ከልክ በላይ አታድርጉት። ኩሬው ሞልቶ ሳለ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ፀሐይ ቢወስድበት፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው ፊቱ ላይ 500 ሊትር፣ ማለትም 25 ጀሪካን በየቀኑ ይተናል። ጥላ የሚሰጥ ዳስ ቢሠራለትና በላዩ ሐረግ ቢመራበት ይህ ይቀንሳል። እንግዲህ ከተነነው ተርፎ 100 ሜትር ኩብ ቀረላችሁ እንበል። ይህን ውሃ በሩብ ሄክታር ጤፍ ላይ ብታፈስሱት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደ ጣለ ይቆጠራል፤ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማጠጣት ነው። የቆመ ሰብል ከመክሸፍ ሊያድን ይችላል፤ በጋውን ሙሉ ግን አያዘልቅም። ያንኑ ውሃ 250 ካሬ ሜትር በሆነ የሽንኩርት መደብ ላይ ብታውሉት 400 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በቁጠባ ከያዙት አንድ ወቅት ያደርሳል። አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም አደርጋለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ሌላው ጉዳይ የሚተባበሯችሁ ድርጅቶች ናቸው። ፕላስቲኩን፣ ሲሚንቶውን፣ የእግር ፓምፑን አንድ ገበሬ ብቻውን መግዛት ይከብደዋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በአንድነት ሲገዛ በዋጋም በማጓጓዣም ይረክሳል። እርዳታ ድርጅት መጥቶ በነጻ ልስጣችሁ ቢልም ተቀበሉ፤ ግን ጠይቁ። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ማን ይጠግናል? የፓምፑ ጎማ ከየት ይገዛል? እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማንን እንጠይቅ? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ምን እንደሚጠበቅ፣ ከማኅበሩ ምን እንደሚጠበቅ፣ ውሃው የሚገባበት ቦይ በማን ማሳ እንደሚያልፍ ይጻፍ። ዛሬ ፊደል ቆጥራችኋልና ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ «ይህ ምን ማለት ነው?» በሉ።

የጤና ሠራተኛዋም ከሸንጎው አትቅር። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በትግራይ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይ ወባ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። የጥናቱ መንደሮች ከ1,800 ሜትር በላይ የሆኑ ስለነበሩ «እኛ ደጋ ነን፣ ወባ አይነካንም» ማለት አያዋጣም። ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ ኩሬውን ከመኖሪያ ቤት አርቁት፤ ሣር በዳሩ አታብቅሉ፤ በአጎበር ተኙ። የኩሬ ውሃ ሳይፈላ ወይም በመድኃኒት ሳይታከም አይጠጣ።

አጥሩ ከኩሬው እኩል ይለቅ፤ ነገ አጥራለሁ አይባልም። ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ዳሩ ያዳልጣል፤ የወደቀ ሰው የሚጨብጠው ስለማያገኝ በአራቱም ማዕዘን ቋጠሮ ያለው ገመድ በደንብ ከተተከለ ግንድ ላይ ታስሮ እስከ ወለሉ ይውረድ።

ከኩሬው አፍ በፊት ጎርፉ የሚያርፍበት ትንሽ የደለል ጉድጓድ ቆፍሩ። አፈሩ እዚያ ይቀራል፤ የጠራው ውሃ ወደ ኩሬው ያልፋል። ይህ ጉድጓድ በግንቦት ይጠረግ፤ ክረምቱ ከገባም በኋላ ከከባድ ዝናብ ቀጥሎ ይታይ። የተጠረገውን ደለል አትጣሉት። ከተራራው የወረደ ለም አፈር ስለሆነ ወደ ጓሮአችሁ ወስዳችሁ በጎመኑ ሥር በትኑት፤ የላይኛው ጎረቤታችሁም ቅርጫት ይዞ ቢመጣ አትከልክሉት፤ ከእሱ ማሳ የመጣ ነው።