ፊቱን የሚያዞረው ጅብ

ልጆቻችን «ደፋሩ ጅብ» የሚባለውን የሆንግ ኮንግ ሲኒማ ኹለተኛ ክፍል እናሳያቸው ዘንድ ብዙ ጊዜ ስለ ለመኑን፥ ባለፈው እሑድ ማታ ቤተ ሰቡ ኹሉ ተሰብስቦ ተመለከትነው። በአገራችን ጅብን ደፋር ብሎ ማመስገን ያልተለመደ ስለ ኾነ ስሙ ብቻ አስቆን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳቁ እየቀነሰ ኼደ።

የመዠመሪያው ክፍል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. የወጣ፥ ጃኪ ቻን መሪ ኾኖ ያዘጋጀው የመዠመሪያ ሥራው ነው። በዚያ ውስጥ መምህርና ደቀ መዝሙር በመብል እንጨት ስለ አንድ ጉርሻ ሲታገሉ ማየት ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ያስቃል፤ ልጁም ልቅሶንና ሣቅን እንደ ጦር መሣሪያ ይዞ ጠላቱን ያደናግራል። ኹለተኛው ግን ሳይፈጸም ጃኪ ቻን ጎልደን ሃርቨስት ወደሚባለው ኩባንያ ስለ ተሻገረ፥ ባለቤቱ ሎ ዌይ ከፊተኛው የተረፈውን ቍራጭ ሥዕል ሰብስቦ፥ በጎደለው ስፍራ ምትክ ሰው አቁሞ በ1983 ዓ.ም. አወጣው። ምትኩም እንዳይታወቅ ጀርባውን ይሰጠናል። ታናሺቱ ልጃችን «አባባ፥ ይህ ሰው ምን አጥፍቶ ነው ፊቱን የሚያዞርብን?» ብላ ጠየቀችን።

ጅብ በማያውቁት አገር ኼዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህኛው ግን በሚያውቁት አገር መጥቶ ነው ቁርበት የጠየቀው።

የሚያሳዝነው ነገር ሎ ዌይ ይህን ሲያደርግ የመዠመሪያው አለመኾኑ ነው። ብሩስ ሊን በ1971ና በ1972 ዓ.ም. በኹለት ታላላቅ ሲኒማዎች ያሠራው እርሱ ነበረ። ብሩስ ሊ ሐምሌ 13 ቀን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 20 ቀን 1973 ዓ.ም. በ32 ዓመቱ በሞተ ጊዜ ብዙዎች መልኩንም ስሙንም ተሻሙበት፤ ከነዚህም የአንዱ ስም በፊደላችን ቢጻፍ ከሟቹ ስም አይለይም። ሎ ዌይም በ1976 ዓ.ም. ወጣቱን ጃኪ ቻንን «ዘንዶ ኹን» የሚል ስም ሰጥቶ በሟቹ ቦታ አቆመው። ልጁ ግን ቁጣው አላማረበትም፤ ተመልካችም አልመጣለትም። በ1978 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ በውሰት ሲሰጥ ጊዜ፥ መትቶ እጁን የሚያመውን፥ ወድቆ የሚነሣውን ሰው ኾኖ በኹለት ሲኒማ ቢታይ አገሩ ኹሉ ወደደው። እንግዲህ የሌላውን ፊት ልበስ የተባለው ሰው የራሱን ፊት ባገኘ በአምስት ዓመቱ፥ ያንኑ ፊት ለሌላ ሰው አለበሱበት።

በዚሁ በ1978 ዓ.ም. ስለ ወጣው «የሞት ጨዋታ» ለወላጆች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በምትክ ሰዎች የተፈጸመ ሲኾን የብሩስ ሊ እውነተኛ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሥዕል ገብቶበታል፤ አስከሬኑም ይታያል። እኛ ይህን ለልጆቻችን አላሳየንም።

በማግሥቱ የደፋሩን ጅብ የመዠመሪያ ክፍል አወጣንላቸው። ታናሺቱ ዝም ብላ ስትመለከት ቆየችና፥ ቻን ፊቱን ወደ እኛ በመለሰ ጊዜ «አኹን መጣ» አለች።