ለመዝናናት የሚካሄድ ዓሣ ማጥመድ የዓሣውን የመራቢያ ወቅት ያገናዘበ ፈቃድ ይሻል

ዓሣን ለገበያ ሳይሆን ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች በክበብ ተደራጅተው ሲንቀሳቀሱ ለአካባቢው ነዋሪ የገቢ ምንጭ ከመሆናቸውም በላይ የውኃ ሀብቱ ጠባቂዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን የክበቡ ዕቅድ ከዓሣው የመራቢያ ወቅትና ከውኃው ጠባይ ጋር ተገናዝቦ ሲዘጋጅ ነው። ቦታውንና ጊዜውን ሳይለይ በደፈናው የሚሰጥ ፈቃድ፣ የሚያጠምዱት ዘንግ የያዙ ጥቂት ሰዎች ቢሆኑም እንኳ፣ በቀላሉ በማይተካ ሀብት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ለመዝናናት የሚካሄድ ዓሣ ማጥመድን፣ የአጥማጁን የምግብ ፍላጎት ለማሟላት ዋነኛ ምንጭ ያልሆነና የተያዘውም ዓሣ በአብዛኛው ለሽያጭ የማይቀርብበት ተግባር ሲል ይገልጸዋል። በዚህ ትርጉም መሠረት ልዩነቱ ያለው በመሣሪያው ሳይሆን በዓላማው ላይ ነው። መንጠቆ ይዞ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚያጠምድ ሰውና በዕረፍት ቀኑ በዘንግ የሚያጠምድ የክበብ አባል ተመሳሳይ መሣሪያ ቢይዙም በአንድ ዓይነት ደንብ ሊተዳደሩ አይገባም።

በኢትዮጵያ ውኃዎች ከ180 በላይ የዓሣ ዝርያዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ከእነዚህም ወደ 40 የሚጠጉት በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓላማ አድርጎ ከተነሣባቸው ጉዳዮች መካከል የዓሣ ብዝኃ ሕይወትንና የሚኖርበትን አካባቢ መጠበቅ እንዲሁም ከመጠን በላይ ማጥመድን መከላከልና መቆጣጠር ይገኙበታል። አዋጁ የተነሣባቸውን ዓላማዎች በተግባር ለመተርጎም በየደረጃው የሚገኙ ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ውኃ ልዩ ሁኔታ ማወቅ ይጠበቅባቸዋል። ጣና፣ ጫሞና የባሌ ወንዞች የተለያየ አሠራር የሚፈልጉ ሦስት ምሳሌዎች ናቸው።

ጣና፦ ወቅቱንና ቦታውን መለየት

የጣና ሐይቅ 15 ያህል የሌቢዮባርበስ ዝርያዎች በአንድ ላይ የሚገኙበት ሐይቅ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ የሚወርድ በመሆኑ፣ በታችኛው የወንዙ ክፍል የሚኖሩ ዓሦች ወደ ሐይቁ መውጣት አይችሉም። በዚህም ምክንያት የጣና ዓሦች ለረጅም ዘመን ተለይተው በመኖር የየራሳቸው መልክና አመጋገብ ያላቸው ዝርያዎች ሆነዋል።

ከእነዚህ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም ወራት፣ ዕንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ወደ ላይ ከመጓዛቸው በፊት በወንዞቹ መግቢያ አካባቢ ይሰባሰባሉ። አጥማጁ ያለ ብዙ ድካም ብዙ ዓሣ የሚያገኘውም በዚህ ወቅት በመሆኑ ጉዳቱ የሚበዛው ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በመረብ የሚካሄድ የንግድ ዓሣ ማጥመድ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የተካሄዱ ጥናቶች ውጤት ሲነጻጸር የሌቢዮባርበስ ዓሦች መጠን በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ለዚህም በመራቢያ ወቅት በወንዝ መግቢያዎች የሚዘረጋው መረብ ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ ተወስዷል። በወንዞቹ ውስጥ የብርብራ ፍሬን ወቅጦ ዓሣውን በማደንዘዝ የመያዝ ልማድም ለችግሩ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ቆሮሶ በአንጻሩ በሐይቁ ውስጥ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚራባ ሲሆን፣ ሴቷም ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። በፍጥነት ስለሚያድግም ጫናን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። ሌቢዮባርበስ ግን ዕድገቱ አዝጋሚ፣ የመራቢያ ጊዜውም በዓመት አንድ ወቅት ብቻ በመሆኑ፣ በወንዝ መግቢያ ላይ በአንድ ክረምት የተያዘውን ለመተካት ዓመታት ይወስዳል።

በመሆኑም በጣና ዙሪያ የሚቋቋም ክበብ የውድድርና የጉብኝት መርሐ ግብሩን ከመራቢያው ወቅትና ከወንዝ መግቢያዎች ማራቅ ይኖርበታል። በዘንግ የሚያዘው ዓሣ ከመረቡ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ነገር ግን በመራቢያ ቦታ ለክበብ የተፈቀደውን ለመረብ አጥማጁ መከልከል ለተቆጣጣሪው ባለሙያ አስቸጋሪ ይሆናል። ቸልተኝነት ምን እንደሚያስከትል በፊሊፒንስ ከሚገኘው የላናኦ ሐይቅ መረዳት ይቻላል። በዚያ ሐይቅና ከእርሱ በሚወጣው ወንዝ ብቻ ይኖሩ ከነበሩ 17 የዓሣ ዝርያዎች መካከል 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 አስታውቋል። ለመጥፋታቸው ምክንያት የሆኑትም ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከመጠን ያለፈ ማጥመድና ጎጂ የአጠማመድ ዘዴዎች ናቸው።

ጫሞ፦ ትልቁን ዓሣ መመለስ

በአርባ ምንጭ አቅራቢያ የሚገኘው የጫሞ ሐይቅ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎችን የሚስበው የናይል ፐርች በሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በሚኖርባቸው የአፍሪካ ውኃዎች እስከ 2 ሜትር የሚረዝምና እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሊሆን ይችላል።

የመዝናኛ አጥማጅ ምኞት ትልቁን ዓሣ መያዝ ነው። ይሁን እንጂ ከዓሦቹ ሁሉ ብዙ ዕንቁላል የምትጥለው ትልቋ ሴት በመሆኗ፣ እርሷን ለፎቶግራፍ ሲባል ማውጣትና መግደል ለሐይቁ ከብዙ ትናንሽ ዓሦች በላይ ኪሳራ ነው። በመሆኑም ለክበቡ ፈቃድ ሲሰጥ ትልልቆቹ ተለክተው በሕይወት እንዲመለሱ የሚያስገድድ ድንጋጌ ቢካተት ተገቢ ይሆናል።

ዓሣን መመለስ ሲባል ወደ ውኃው መወርወር ማለት አይደለም። ዓሣው ከውኃ ውጪ ብዙ በቆየ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። በደረቅ እጅ ወይም በጨርቅ ሲያዝ ከበሽታ የሚከላከለው የቆዳው ልጋግ ይላጣል። በስንጥቡ አንጠልጥሎ መያዝም ለሞት ይዳርገዋል። ስለዚህ መንጠቆው ወደ ኋላ የሚመለስ ጥርስ የሌለው መሆን፣ የአጥማጁም እጅ አስቀድሞ መራስ አለበት። ዓሣው ከተለካ በኋላም በራሱ ኃይል እስኪዋኝ ድረስ በውኃው ውስጥ በእርጋታ ተደግፎ መቆየት ይኖርበታል። ጫሞ የአዞና የጉማሬ መኖሪያ በመሆኑም ሐይቁን የሚያውቅ የአካባቢው ጀልባ ነጂና የመንሳፈፊያ ጃኬት የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች መሆን ይገባቸዋል።

የባሌ ወንዞች፦ መጤውን ዓሣ ከቦታው አለማዛወር

በባሌ ተራሮች በሚገኙት የወይብና የደንካ ወንዞች የሚጠመደው ትራውት የተባለው ዓሣ የአገር በቀል ዝርያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ ለመዝናኛ ተብሎ የመጣ ነው። ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ የሚፈልግ በመሆኑም በደጋው ወንዞች ተላምዶ ይኖራል።

እዚህ ላይ ደንቡ የጣናና የጫሞ ተቃራኒ ይሆናል። የተያዘውን ዓሣ መመለስ ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ይልቁንም ዋናው ጥንቃቄ በሕይወት ያለውን ዓሣ ወይም ዕንቁላሉን ወደ ሌላ ወንዝ እንዳይወስዱት መከላከል ነው። አዳኝ የሆነ መጤ ዓሣ በአዲስ ውኃ ከተለቀቀ በኋላ መልሶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑም በፓርኩ ክልል የሚካሄድ ማንኛውም እንቅስቃሴ ከፓርኩ አስተዳደር ጋር በቅድሚያ መግባባትን ይጠይቃል።

የክበቡ መዝገብና የአካባቢው ነዋሪ

አንድ ክበብ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊያበረክተው የሚችለው ትልቁ አገልግሎት በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ነው። መዝገቡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዓሣውን ዓይነትና ርዝመት፣ መመለሱን ወይም መወሰዱን እንዲሁም ለማጥመድ የፈጀውን ሰዓት ማካተት አለበት። በተለይ ሰዓቱ ሊዘነጋ አይገባም። በ2 ሰዓት የተያዙ 10 ዓሦችና በ20 ሰዓት የተያዙ 10 ዓሦች በቁጥር እኩል ቢሆኑም ሁለተኛው ዓሣው እየተመናመነ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ መረጃ በየጊዜው ለምርምር ማዕከላት ቢደርስ በአነስተኛ ወጪ የሐይቁን ሁኔታ ለመከታተል ያስችላል።

በመዝገቡ ላይ የዓሣው ስም ግልጽ ሊሆን ይገባዋል። ለምሳሌ በተለምዶ «ነጭ ዓሣ» የሚለው ስም በጣና ለሌቢዮባርበስ፣ በአርባ ምንጭ ደግሞ ለናይል ፐርች ያገለግላል። በፈቃድ ወረቀት ላይ ይህን ስም ብቻ መጻፍ የትኛው ዝርያ እንደተፈቀደና የትኛው እንደተከለከለ ለማወቅ አያስችልም።

ከዚህም ሌላ የአካባቢው ነዋሪ ጥቅም በፈቃዱ ውስጥ በግልጽ መታየት አለበት። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ የኖሩ ቤተሰቦች ኑሯቸው ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ነው። እንግዳው ለመዝናናት ሲያጠምድ እነርሱ ግን በመራቢያ ወቅት መረባቸውን እንዲሰበስቡ ከተነገራቸው ደንቡን በፍትሐዊነት ሊቀበሉት አይችሉም። የወቅት ክልከላው ለሁሉም እኩል ሲሆን፣ እንዲሁም ጀልባ መንዳት፣ መንገድ መምራትና ምግብ ማዘጋጀት ለነዋሪው ሲሰጥ፣ በሕይወት የሚመለስ ዓሣም ለአካባቢው ገቢ የሚያስገኝ ይሆናል።

ስለዚህ የክበብ ፈቃድ ጥያቄ የሚቀርብለት ጽሕፈት ቤት ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ዓሣው በየትኛው ወር እንደሚራባ፣ የትኛው ቦታ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ዓሣ እንደሚመለስና የአካባቢው ነዋሪ ምን እንደሚያገኝ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በፈቃዱ ላይ ሲሰፍር ክበቡ ለተቆጣጣሪው ባለሙያ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን በሐይቁ ዳር የሚቆም አጋዥ ይሆናል።