ከአራት መቶ ሜትር እስከ ማራቶን፤ የሻምበል ማሞ ወልዴ የሩጫ ዘመን

ፈጣሪ ጸጋውን ለሕዝቦች ሲያከፋፍል ለካሪብያን ደሴቶች፣ ይልቁንም ለጃማይካ፣ የአጭር ርቀት ፍጥነትን፣ ለኢትዮጵያና ለኬንያ ደጋ ደግሞ የረጅም ርቀት ጽናትን የመደበ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህን ክፍፍል የማይሻር ሕግ አድርጎ የያዘ ሰው የሻምበል ማሞ ወልዴን ታሪክ ቢመረምር አሳቡን ማረሙ አይቀርም።

ማሞ በ1924 ዓ.ም. በሸዋ ተወልዶ፣ ጎልምሶ ክቡር ዘበኛ ከገባና ኮርያ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ የተሰለፈው በማራቶን ሳይሆን በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። ይህ የዱላ ቅብብል ከአራት ዓመት በፊት በሄልሲንኪ የጃማይካ ልጆች በ3 ደቂቃ ከ3.9 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽለው ወርቅ የወሰዱበት ውድድር ነበርና፣ ገና ጀማሪ የነበሩት ወገኖቻችን ከማጣሪያው ማለፍ አልቻሉም፤ ማሞም በሌሎቹ ርቀቶች እንዲሁ ቀረ።

ለብዙ ሯጭ የተስፋ ፍጻሜ የሚሆነው ይህ ውጤት ለእርሱ የረጅም ትምህርት መጀመሪያ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲነግሥ ማሞ በዚያ አልነበረም፤ በ1957 ዓ.ም. ግን ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ በማራቶኑም ተሰልፎ ሳይጨርስ አቋረጠ።

ከዚያም በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ደረሰ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር የአጭር ርቀት ሯጭን እምብዛም ስለማይገታው አሜሪካዊው ጂም ሃይንስ መቶ ሜትሩን በ9.95 ሴኮንድ ሲፈጽም የጃማይካው ሌኖክስ ሚለር ተከትሎት ሁለተኛ ወጣ። ደም ከሳንባ የሚቀበለው ኦክሲጅን ስለሚያንስ ግን ያው አየር በቆላ ያደገውን የረጅም ርቀት ሯጭ ያስጨንቀዋል፤ በደጋ አየር የኖረውን ግን ያን ያህል አይጎዳውም። ጥቅምት 3 ቀን ማሞ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ተቀደመና ብር አገኘ። ጥቅምት 10 ቀን በማራቶኑ አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት መንገዱን ሳያጋምስ ሲያቋርጥ የአገሩ አደራ በማሞ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እርሱም በ36 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ሮጦ፣ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አበበ ሮም ላይ ካሸነፈበት ዕለት ልክ 12 ዓመት ሲሞላ፣ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ጨመረ።

የሕይወቱ ማምሻ መራራ ነበር፤ በቀይ ሽብር ዘመን ተፈጸመ በተባለ ግድያ ተከሶ፣ ክሱን ሳይቀበል ለዘጠኝ ዓመት ያህል ከታሰረ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ተፈታና በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን ዐረፈ።

ይህን ታሪክ በኪራሙ፣ በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ያሉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊተርኩላቸው ይገባል፤ በትምህርት ቤት ሜዳ መቶ ሜትሩን ቀድሞ የጨረሰው ልጅ ይሞገሳል፤ የተቀደመው ግን ሩጫ አልተሰጠህም ተብሎ ይተዋል። ማሞ ከሜልቦርን ማጣሪያ እስከ ሜክሲኮ ወርቅ 12 ዓመት እንደፈጀበት የተረዳ መምህር ግን፣ መቶ ሜትር ላይ የተቀደመውን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት በ800 ሜትር፣ ቀጥሎም በ1500 ሜትር፣ አጥንቱ ሲጠና ደግሞ ከዚያ በሚረዝም መንገድ ሳይፈትነው አያሰናብተውም።