አፈሩ ሲጠማ

አውድማ ሲሰናዳ ያየ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ አስቀድሞ ያውቃል። ገበሬው መሬቱን ይደለድላል፣ ጠጠሩን ይለቅማል፣ ውሃ ያርከፈክፋል፣ ይጠቀጥቃል፤ በመጨረሻም በእበት ይለቀልቀዋል። ወለሉ በከብቶቹ ኮቴ ሥር እንዳይፈረፈርና እህሉ ከአፈር ጋር እንዳይቀላቀል ነው ይህ ሁሉ ድካም። በሪሞት ለሚነዱ ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪኖች የአፈር ሜዳ የሚያሰናዱ ሰዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ከአፈርና ከውሃ ጋር ነው። በእነሱ ሜዳ ላይ የሚያልፈው ግን ኮቴ ሳይሆን በቀጥታው መንገድ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ጎማ ነው።

የጃፓኑ ኩባንያ ታሚያ በአፈር ላይ የሚሮጡ ሞዴሎቹን እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ አቀረበ። በ1984 የካሊፎርኒያው ቲም አሶሲዬትድ አርሲ10 የተባለችውን፣ ወርቃማ የአሉሚኒየም ሻሲ ያላትን መኪና አወጣ። በማግስቱ ዓመት እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ዴል ማር ላይ፣ ከእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ለሚሆኑ የኤሌክትሪክ መኪኖች የመጀመሪያው የአፈር ላይ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ።

አንድ አሥረኛ የሚለው ቁጥር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይለውጣል። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በአሥር ሲያንሱ ክብደት በሺህ ያንሳል፤ 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1.5 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። የውድድር መኪኖቹም የሚመዝኑት ወደዚያው ገደማ ነው። ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት ግን የሚያንሰው በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ትልቁ መኪና አቧራውን ጨፍልቆ ጠንካራውን መሬት ያገኛል፤ ትንሿ መኪና ከአቧራው በላይ ትቀራለች። 2 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት ለእሷ የ2 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ናት። በውድድር ቀን ሰዎች መጥረጊያ ይዘው ኩርባውን ሁሉ ሲጠርጉ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ጥሩ ሜዳ የሚሠራው ከሸክላማ አፈር ነው። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰች፣ እንደ ወረቀት የሳሳች ናት። የአሸዋ ቅንጣቶች እንደ ጠጠር በነጥብ ብቻ ሲነካኩ የሸክላ ቅንጣቶች ግን ገጽ ለገጽ ይተኛሉ። በመካከላቸው ስስ ውሃ ሲኖር ሁለቱን አጣብቆ ይይዛቸዋል፤ በመሃላቸው የውሃ ጠብታ የገባባቸውን ሁለት መስታወቶች ለማላቀቅ የሞከረ ሰው የዚህን ኃይል ያውቀዋል። ሸክላ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የደጋችን መረሬ አፈር በክረምት የሚያብጠውና በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚከፍተው ቅንጣቶቹ ውሃን በገዛ ንጣፎቻቸው መካከል ስለሚያስገቡ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ብቻውን ሜዳ ላይ ቢነጠፍ በደረቀ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ አሸዋና ደለል ሊቀየጥበት ይገባል። ካኦሊን የሚበዛበት ሸክላ እምብዛም ስለማያብጥ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 ራልፍ ፕሮክተር የተባለ የሎስ አንጀለስ መሐንዲስ ስለ ግድብ አፈር የጻፈው ነገር ለዚህ ትንሽ ሜዳም መመሪያ ነው። አፈር ሲጠቀጠቅ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚወስነው በውስጡ ያለው የውሃ መጠን ነው። በጣም ከደረቀ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ቦታ ቦታቸውን አይዙም፤ አየር በመካከላቸው ይቀራል። ውሃው ከበዛ ደግሞ ራሱ ውሃው ቦታ ይይዛል፤ ውሃን ጨምቆ ማሳነስ አይቻልም። በሁለቱ መካከል አፈሩ ከምንጊዜውም በላይ የሚጠብቅበት ልክ አለ። መንገድ ሠሪዎች ይህን ልክ በላቦራቶሪ ይፈልጉታል፤ ሜዳ አሰናጁ በመዳፉ። አንድ እፍኝ አፈር ጨብጦ ይለቃል፤ ከተፈረፈረ ውሃ ጎድሎታል፣ እጁን ካጨቀየው በዝቶበታል። ተድቦልቡሎ ቆይቶ በጣት ሲነካ ለሁለት ለሦስት ከተሰበረ ሩሎው ይምጣ።

ችግሩ አፈሩ እየደረቀ ከዚህ ልክ መውጣቱ ነው። ከላይ ብቻ ውሃ መርጨት ዋጋ የለውም፤ ገጹ ይጨቀያል፣ ከሥር ደረቁ እንዳለ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላም ቅርፊቱ ይላጣል። ከዋዜማው ጀምሮ ቀስ እያሉ ማጠጣት፣ እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ደግሞ ማጠጣት ይሻላል። አንዳንድ ሜዳዎች ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራል፤ የጥርጊያ መንገድ አቧራ ለማብረድ የሚረጨው ጨው መሆኑ ነው። ይህ ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ስቦ ራሱ እስኪሟሟ ድረስ ስለሚጠጣ አፈሩ ቶሎ አይጠማም። የመኪናውን ብረትና የሞተሩን ኩሽኔታ ግን ያዝጋል፤ እኔ ብሆን ውሃና ትዕግሥትን አስቀድማለሁ።

ጎማው የሚመረጠው ይህን የአፈር ጠባይ አይቶ ነው። ጠዋት አፈሩ ርጥብና ልል ሲሆን ረጃጅም፣ ተራርቀው የቆሙ ጥርሶች ያሉት ጎማ ወደ ውስጥ ወግቶ ይይዛል። ጥርሶቹ ከተቀራረቡ ጭቃ በመካከላቸው ይሞላና ጎማው ድቡልቡል ጭቃ ይሆናል። መኪኖቹ በአንድ መስመር እየተመላለሱ ሲያልፉ ግን መሬቱ ይጠብቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከጎማው የተፋቀ ብናኝም ይለጠፍበታል። ያን ጊዜ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር መንገድ ይታያል፤ ተወዳዳሪዎቹ ብሉ ግሩቭ ይሉታል። እዚህ ላይ ረጅም ጥርስ ጎጂ ነው፤ መውጊያ ስላጣ ይታጠፋል፣ መኪናዋም ትዋልላለች። የሚያዋጣው አጭር ጥርስ፣ አንዳንዴም ጥርሱ አልቆ ሊሾ የሆነ አሮጌ ጎማ ነው። አዲስ ጎማ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ለሚያምን ሰው ይህን መቀበል ይከብደዋል።

ነገሩ የሚገባን ጎማ በሁለት መንገድ እንደሚይዝ ስናውቅ ነው። አንደኛው መንገድ ቅርጹን ለውጦ በመሬቱ ጎርበጥባጣ ውስጥ መግባት ነው፤ ሌላው ከመሬቱ ጋር በሞለኪውል ደረጃ መጣበቅ። ሁለተኛው በነካው ስፋት ስለሚወሰን በለሰለሰ መሬት ላይ ሊሾ ጎማ ያሸንፋል፤ አቧራ በመሃል ከገባ ግን ዋጋ የለውም። ልስላሴውም እንደ አየሩ ይመረጣል። ጎማ የረጃጅም ሞለኪውል ሰንሰለቶች ጥንቅር ስለሆነ በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይልማል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት የሚይዘው ለስላሳ ጎማ በቀትር ፀሐይ ተፍቆ ያልቃል። ከውድድር በፊት ጎማውን በዘይታማ ፈሳሽ የሚቀቡትም ፈሳሹ በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ እንዲያላላቸው ነው።

እነዚህ ጎማዎች በአየር አይነፉም። ቅርጻቸውን የሚጠብቀው በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ ነው፤ ጠርዛቸውም ከቸርኬው ጋር በሱፐር ግሉ ይጣበቃል። ማጣበቂያው ለምን እንዲህ መጠንከር እንዳለበት አንድ ስሌት ያሳያል። ዲያሜትሩ 8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በሴኮንድ ከ60 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ በገጹ ላይ ያለች አንዲት ግራም ጎማ ከ600 ግራም በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ትጎተታለች። በአግባቡ ያልተጣበቀ ጎማ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከቸርኬው ይላቀቃል። ስፖንጁ ውሃ ከጠጣ ደግሞ ጎማው ሚዛኑን ያጣል፤ ብልህ ተወዳዳሪ ሽክርክሪቱ ውሃውን እንዲያስወጣለት በጎማው ገጽ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል።

መያዝም ልክ አለው። በጣም የሚይዝ ሜዳ ላይ መኪናዋ በኩርባው መንሸራተት ሲሳናት ትገለበጣለች፤ ያን ጊዜ የጎማውን ውጫዊ ጠርዝ በማጣበቂያ ቀብተው ያደርቁታል፣ ወይም ቁመቷን ዝቅ ያደርጋሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አካፋውና ቱቦው ይመለሳሉ። የተቦረቦረው ኩርባ በርጥብ አፈር ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል፤ የመዝለያው ጉብታ ከንፈር ይስተካከላል፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ይጠጣል። ሌሊት የሰረገውን ውሃ ፀሐይ አትሻማውም። ጎማዎቹም ታጥበው፣ ስፖንጃቸው እንዲንጠፈጠፍ ቀዳዳቸው ወደ ታች ዞሮ፣ ለነገ ይሰቀላሉ።