ባዶዋ መስመር፦ ቤት ሲሸጥ ኤጀንትና ኮሚሽን

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ሀበሻ ቤቱን ሊሸጥ ሲነሣ ነገሩ ብዙ ጊዜ በቡና ይጀመራል። ኤጀንቱ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ ነው፤ ካልሆነም የዘመድ ሰርግ ላይ የተዋወቁት ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ ያያል፣ ኩሽናውን ያደንቃል፣ ሁለተኛው ስኒ ይቀዳል። ከዚያ ከቦርሳው ብዙ ገጽ ያለው ውል ያወጣል። ከገጾቹ በአንዱ ላይ አንዲት ባዶ መስመር አለች፤ ጫፏ ላይ የመቶኛ ምልክት ተቀምጧል። ኤጀንቱ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ቁጥር ይጽፍባታል፤ ባለቤቶቹ ይፈርማሉ።

ቤቱ በ600,000 ዶላር ቢሸጥ በዚያች መስመር ላይ የሚጻፍ እያንዳንዱ አንድ በመቶ 6,000 ዶላር ነው። መኪና ሲገዛ 200 ዶላር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው እዚህ ላይ ለምን ዝም ይላል? አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው፤ የሚያውቁትን ሰው “ስንት ታስከፍለኛለህ?” ማለት ይከብዳል። ሌላው፣ ቁጥሩ እንደ ግብር በሕግ የተቆረጠ መምሰሉ ነው። በሕግ የተቆረጠ ኮሚሽን ግን የለም። ኮሚሽን እንደማንኛውም አገልግሎት ዋጋ ነው፤ ዋጋ ደግሞ ይጠየቃል፣ ይነጻጸራል፣ ይደራደሩበታል።

ኤጀንት ምን ዓይነት ሠራተኛ ነው?

አገር ቤት ቤት የሸጠ ወይም የተከራየ ሁሉ ደላላን ያውቃል። ደላላ ሁለት ወገን ያገናኛል፤ ሲስማሙ ድርሻውን ይቀበላል። የአሜሪካው ኤጀንት ግን ማገናኘቱ ከሥራው ጥቂቱ ነው። ኮርስ ወስዶ፣ ፈተና አልፎ ከስቴቱ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃድ አለኝ ብሎም ብቻውን አይሠራም፤ ከበላዩ ብሮከር የሚባል ተጠያቂ ባለፈቃድ አለ። ሻጩ ውል የሚገባው በሕግ ፊት ከብሮከሩ ድርጅት ጋር ነው፤ ኮሚሽኑም መጀመሪያ የሚገባው ወደ ድርጅቱ ነው። ኤጀንቱ የራሱን ድርሻ የሚያገኘው ከዚያ ሲሆን፣ ለፎቶግራፍና ለማስታወቂያ የሚያወጣውን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸፍናል። ቤቱ ካልተሸጠ በተለመደው አሠራር ልፋቱ ሁሉ ያለ ክፍያ ይቀራል። የሚጠይቀውን ዋጋ ስንመዝን ይህንንም ማየት ፍትሐዊ ነው።

ከደላላ በዋናነት የሚለየው ለማን እንደቆመ መታወቁ ነው። የሻጭ ኤጀንት የሻጭ ወገን ነው። እስከ ስንት ድረስ ዝቅ እንደሚሉ፣ ለመሸጥ ምን እንዳስቸኮለዎት ያለ ፈቃድዎ ለገዢው ወገን መንገር አይችልም። አንድ ሰው ለሁለቱም ወገን ልቁም ቢል ታዲያ ምስጢሩ የት ይቀመጣል? ሜሪላንድ ይህን አትፈቅድም፤ ሻጩና ገዢው የአንድ ድርጅት ደንበኞች ከሆኑ ብሮከሩ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ኤጀንት መመደብና የሁለቱንም የጽሑፍ ስምምነት መያዝ አለበት። ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ከተስማሙ አንድ ኤጀንት ለሁለቱም እንዲቆም የሚፈቅዱ ስቴቶችም አሉ። የእኛ ሰው ግን ገዢም ሻጭም ሀበሻ ሲሆን “አንተው ጨርስልን” ማለት ይቀናዋል። ከባድ ቃል ነው፤ የሚደራደርልዎትን ሰው ሸምጋይ አድርገውት መቅረትዎ ነው።

ስለ ስያሜውም አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። “ሪልተር” የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ቺካጎ ውስጥ የተመሠረተው የብሔራዊ ሪልተሮች ማኅበር አባላት ብቻ የሚጠሩበት የተመዘገበ ምልክት ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንት ሁሉ ሪልተር አይደለም።

በ2024 ምን ተለወጠ?

ለረጅም ዓመታት ሻጩ ለራሱ ኤጀንት ድርጅት ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6 በመቶ ለመክፈል ይስማማ ነበር፤ ድርጅቱ ደግሞ ከዚያ ላይ ለገዢው ኤጀንት ያካፍላል። ለገዢው ኤጀንት የሚሰጠው ድርሻ ኤጀንቶች ቤቶችን በሚያወጡበት ኤምኤልኤስ በሚባለው የጋራ መዝገብ ላይ ይጻፍ ነበር። ሚዙሪ ውስጥ ቤታቸውን የሸጡ ሰዎች “በእኛ ላይ ለሚደራደር ሰው እኛ ለምን እንከፍላለን?” ብለው ከሰሱ። ካንሳስ ሲቲ በተሰየመው የፌዴራል ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2023 የሪልተሮቹን ማኅበርና ታላላቅ የብሮከር ድርጅቶችን ጥፋተኛ አድርገው 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ወሰኑ። በመጋቢት 2024 ማኅበሩ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና የኮሚሽን ደንቡን ለመለወጥ ተስማማ። አዲሱ ደንብ ከነሐሴ 17 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራበታል።

ለውጡ ሁለት ነው። ለገዢ ኤጀንት የሚሰጥ ክፍያ ከእንግዲህ በኤምኤልኤስ ላይ አይጻፍም። ገዢም ከኤጀንት ጋር ቤት ለማየት ከመሄዱ በፊት፣ ክፍያው በግልጽ የሰፈረበት ውል ከራሱ ኤጀንት ጋር ይፈርማል። ከዚህም ጋር የኮሚሽን መጠን በሕግ እንዳልተወሰነና ሙሉ በሙሉ ለድርድር ክፍት እንደሆነ በውሎቹ ላይ በጉልህ እንዲጻፍ ተደርጓል። ባዶዋን መስመር ሲያገኙ ይህንንም ዐረፍተ ነገር ይፈልጉት፤ እዚያው አካባቢ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለሻጭ አንድ የነበረው ጥያቄ ሁለት ሆኗል፦ ለራሴ ኤጀንት ስንት እከፍላለሁ? ለገዢው ኤጀንትስ እከፍላለሁ ወይ? ሁለተኛውን ቸኩሎ “በፍጹም” ማለት አያዋጣም። ያጠራቀመውን ሁሉ ለቅድሚያ ክፍያ ያዋለ ገዢ ለኤጀንቱ ከኪሱ መክፈል ሊያቅተውና ቤቱን ትቶ ሊሄድ ይችላል። ቸኩሎ “እሺ” ማለትም አያስፈልግም። ጥያቄው ከገዢው ዋጋ ጋር ሲመጣ ሒሳቡን ይሥሩት። አንዱ ገዢ 600,000 አቅርቦ ለኤጀንቱ 2.5 በመቶ ይከፈልልኝ ቢል 585,000 ይቀራል። ሌላው 590,000 አቅርቦ ምንም ካልጠየቀ ግን 590,000 ነው። ዝቅ ያለ የመሰለው ዋጋ በ5,000 ዶላር ይበልጣል።

ከሽያጩ ላይ የሚነሣው ገንዘብ

ብዙ ሻጭ የሚያስበው የሞርጌጁን ቀሪ ዕዳ ከዋጋው ቀንሶ ነው። ሽያጩ በሚጠናቀቅበት በክሎዚንግ ዕለት የሚቀርበው ወረቀት ግን ሌሎች መስመሮችም አሉት። በዚያው የ600,000 ዶላር ቤት ለሁለቱም ወገን ኤጀንቶች ለእያንዳንዳቸው 2.5 በመቶ ቢከፈል 30,000 ዶላር ይሄዳል። ቀጥሎ የንብረት ማስተላለፊያ ታክስ አለ፤ መጠኑ ቤቱ ባለበት ቦታ ይለያያል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 400,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በሆነ ቤት ላይ ሻጩ በልማድ የሚከፍለው 1.45 በመቶ ስለሆነ 8,700 ዶላር ይመጣል። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ የሻጭ ታክስ 0.1 በመቶ፣ ማለትም 600 ዶላር ነው፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ተጨማሪ የአካባቢ ክፍያ ይታከልበታል። በሜሪላንድ የስቴቱ ታክስ 0.5 በመቶ ሲሆን ካውንቲው የራሱን ይጨምራል፤ ሸክሙን ብዙውን ጊዜ ገዢና ሻጭ ይካፈሉታል። ክሎዚንጉን ለሚያስፈጽመው ድርጅት የሚከፈል ገንዘብ፣ እስከ ሽያጩ ቀን የሚታሰብ የንብረት ግብር፣ ኮንዶ ከሆነ ደግሞ የኮንዶው ባለቤቶች ማኅበር ሰነዶች ዋጋም አለ።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጠቃልሎ፣ መጨረሻ ላይ እጅዎ የሚገባው ገንዘብ የሚታይበት ወረቀት “ኔት ሺት” ይባላል። ኤጀንቱ ከመፈረምዎ በፊት በሦስት የተለያየ የመሸጫ ዋጋ ሠርቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

ትርፉን በተመለከተ የፌዴራሉ ሕግ ለሻጭ ለጋስ ነው። ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቤቱ የእርስዎ ከነበረና ከኖሩበት፣ ብቻዎን ከሆኑ እስከ 250,000፣ ከባለቤትዎ ጋር በአንድነት ታክስ የሚያሳውቁ ከሆነ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከታክስ ነጻ ይሆናል። የከፈሉት ኮሚሽንም ከትርፉ ላይ ይቀነሳል፤ ደረሰኙን ይያዙ። ቤቱን አከራይተው ከቆዩ ሒሳቡ ስለሚለይ የታክስ ባለሙያ ያማክሩ።

ሦስት ሰው ያነጋግሩ

ከአንድ በላይ ኤጀንት ማነጋገር ወዳጅን መናቅ አይደለም። ወዳጅዎ በሥራው ብርቱ ከሆነ ከሌሎች ጋር ሲወዳደር ብርታቱ ይበልጥ ይታያል። መጀመሪያ ፈቃዱን ከስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ፤ ቅጣት ካለበትም ይመልከቱ። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በዚህ ሰፈር ስንት ቤት ሸጥክ? ገበያ ላይ ስንት ቀን ቆዩ? መጀመሪያ የወጣባቸው ዋጋና የተሸጡበት ዋጋ ምን ያህል ይራራቃል? ኮሚሽንህ ለምን ለምን ሥራ ነው? ሌላ ሥራ ካለህ፣ ገዢ በሥራ ቀን ቤቱን ልይ ቢል ማን ያሳያል?

ከሁሉም በላይ ዋጋውን በምን እንዳሰላው ያሳይዎት። ጥሩ ኤጀንት በቅርብ ጊዜ በአካባቢው የተሸጡ፣ የእርስዎን የሚመስሉ ቤቶችን ዘርዝሮ ይመጣል። ሦስቱ ኤጀንቶች ስለ ዋጋው ሲናገሩ አንዱ ያለ ማስረጃ ከሁሉም አብልጦ ከጠራ ይጠንቀቁ፤ ውሉን ለማስፈረም ዋጋ የሚያስወድድ፣ ከወር በኋላ “ገበያው ቀዘቀዘ፣ ዋጋ እንቀንስ” የሚል አይጠፋም። ዋጋው እየተቀነሰ ገበያ ላይ የከረመ ቤት ደግሞ ገዢ ይጠራጠረዋል።

ከመፈረምዎ በፊት

በብዛት የሚፈረመው ውል ብቸኛ የመሸጥ መብት የሚሰጥ ነው። ትርጉሙ፣ ውሉ እስካለ ድረስ ገዢውን ማንም ያምጣው ማን፣ ኤጀንቱ ኮሚሽኑን ያገኛል ማለት ነው፤ የአጎትዎ ልጅ ቢገዛው እንኳ። አስቀድመው ያሰቡት ገዢ ካለ ስሙ ከውሉ ውጭ እንዲሆን ያስጽፉ። የውሉን ዘመን ይመልከቱ፤ ስድስት ወር ከተጻፈ ሦስት ይሁንልኝ ማለት ይችላሉ። ውሉ ካበቃ በኋላም ኤጀንቱ ቤቱን ያሳየው ሰው ከገዛ ኮሚሽን የሚያስከፍል አንቀጽ ይኖራል፤ ለስንት ቀን እንደሚያስርዎት ይወቁ። ከኮሚሽኑ ሌላ “አስተዳደራዊ” የሚባል ክፍያ ካለ ይጠይቁ። ሥራው ካላረካዎት እንዴት እንደሚለያዩ፣ ሐሳብዎን ቀይረው መሸጡን ቢተዉስ ምን እንደሚከፍሉም ይጠይቁ። በቃል የተነገረው ሁሉ በውሉ ላይ ይስፈር። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ውሉን ወስደው ለሚያምኑት ሰው ወይም ለጠበቃ ያስነብቡ፤ አንድ ቀን መቆየት መብትዎ ነው።

ይሉኝታ የማኅበራችን ጌጥ ነው፤ ይሁንና ቦታው ውል ላይ አይደለም። ከክሎዚንግ በኋላ በውስጥ ከሚያጉረመርም ወዳጅ፣ ከፊርማ በፊት ፊት ለፊት የሚጠይቅ ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ብዙ ዓመት ጉልበትዎን ያፈሰሱበት ቤት ነው። ያቺ መስመር ባዶ ሆና የምትታተመው በሁለት ሰዎች ስምምነት ስለምትሞላ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እርስዎ ነዎት።