ከጾም ማዕድ ፊት ያለቀሰው ባለሀብት

ረመዳን የጾምና የዒባዳ ወር ብቻ አይደለም፤ ለብዙ ነጋዴ ቤተሰብ የሒሳብ ወርም ነው። የመጋዘን ዕቃ ይቆጠራል፣ ዱቤ የወሰደና ዱቤ የሰጠ ይተሳሰባል፣ የዓመቱ ዘካ ይሰላል። ሒሳቡ ሲያልቅ ግን በቁጥር የማይመለስ ጥያቄ ይከተላል። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የዛሬ 1 ሺህ 400 ዓመት ገደማ ከመዲና ታላላቅ ነጋዴዎች አንዱ የነበረው አብዱራሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ይህንኑ ጥያቄ በጾም ቀን፣ ምግብ ፊቱ ቀርቦለት ሳለ ተጋፍጦታል።

ገበያውን የጠየቀው ስደተኛ

አብዱራሕማን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በመካ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰው በደል ሲበረታ፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሀበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሰሓቦች አንዱ ነው። በኋላም እንደ ሌሎቹ ስደተኞች ቤት ንብረቱን ትቶ መዲና ገባ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስደተኞቹን ከመዲና ነዋሪዎች ጋር ሲያወዳጁ እርሱን ከሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ባለጸጋ ነበር። ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ፈቀደ። አብዱራሕማን ግን በቤተሰቡም በሀብቱም እንዲባረክለት ከመረቀው በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገበያው በየት በኩል እንደሆነ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩት። ከዚያ የተመለሰው ጥቂት የደረቀ አይብና ቅቤ ይዞ ነበር። በማግስቱም ሄደ፤ በሠልስቱም ሄደ። ብዙ ሳይቆይ አግብቶ ታየ። ለሙሽራዋ የሰጠው መህር የአንድ የተምር ዘር ክብደት ያለው ወርቅ ነበር። ነቢዩም በአንዲት በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲደግስ ነገሩት።

ሀብቱን ሊያካፍል የተነሳው ሰዕድ በ625 በኡሑድ ዘመቻ ተሰዋ። ወንድሙ ንብረቱን በሙሉ ስለወሰደው ሁለት ሴት ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እናታቸው ለነቢዩ አቤት አለች። ሐዲሡ እንደሚነግረን የውርስ አንቀጽ የወረደው ያኔ ነው። ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛው፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛው፣ የቀረው ለአጎታቸው እንዲሆን ተወሰነ። ለእንግዳ ወንድሙ ግማሹን ሊሰጥ የፈቀደ ሰው ልጆች እንኳ ያለ ሕግ ከውርስ ተገፍተው ነበር።

የሙስዐብ ከፈን

በዚያው በኡሑድ ሙስዐብ ኢብን ዑመይርም (ረ.ዐ) ሰንደቅ እንደያዘ ወደቀ። ሙስዐብ በመካ በምቾት ያደገ፣ በልብሱና በሽቶው የሚታወቅ ወጣት ነበር። እስልምናን ሲቀበል ያ ሁሉ ቀረበት። እርሱም ሀበሻን ያየ ስደተኛ ነው። ሲሞት ለከፈን የተገኘችው አንዲት አጭር ጨርቅ ነበረች። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጣል።

ዓመታት አለፉ፤ የአብዱራሕማን ንግድ ሰፋ። አንድ ቀን ጾመኛ ሆኖ ሳለ ምግብ ቀረበለት። ያን ጊዜ ሙስዐብ ትዝ አለው። ከእኔ የሚሻለው ሰው በዚያች ጨርቅ ተከፈነ አለ። ሐምዛንም (ረ.ዐ) አስታወሰ። ለእነርሱስ እንዲህ ሆነ፤ ለእኛ ዱንያ ተዘረጋልን፤ የሥራችን ዋጋ እዚሁ ተቻኩሎ ተሰጥቶን እንዳይሆን እፈራለሁ ብሎ አለቀሰ። ምግቡንም ተወው። ታሪኩ በቡኻሪ ሐዲሥ ስብስብ ይገኛል።

ይህ የነጋዴ ፍርሃት ነው። ዋጋውን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ዕቃው በተረከበ ቀን የሚጠይቀው ነገር እንደማይቀረው ገበያተኛ ሁሉ ያውቃል። አብዱራሕማን ያለቀሰው ከስሮ ወይም ገበያ ቀዝቅዞበት አልነበረም። ያለቀሰው ሞልቶለት ሳለ ነው።

ቢሆንም ንግዱን እርግፍ አድርጎ አልተወም፤ ሀብቱ የሚሄድበትን መንገድ አሰበበት። እንደሚተላለፈው ዘገባ፣ በ652 ገደማ ሲሞት በሕይወት ለነበሩት የበድር ዘማቾች ለእያንዳንዳቸው 400 ዲናር ተናዞላቸዋል። እነዚህ ሰዎች የሙስዐብና የሐምዛ ጓዶች ነበሩ። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ራሳቸው ባለጸጋ ሆነው ሳለ ድርሻቸውን እንደተቀበሉ ይነገራል።

ለእኛ ቤት

አብዛኞቻችን የአብዱራሕማን ሀብት የለንም፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው። መልሱም ከተግባር ይጀምራል። ገንዘቡ ወይም የንግድ ዕቃው ኒሷብ ከሞላና የጨረቃ ዓመት ከዞረው ከአርባ አንድ እጁ፣ ማለትም 2.5 በመቶው፣ የባለመብቶቹ ነው። የወርቅ ኒሷብ በተለምዶ 85 ግራም ተብሎ ይሰላል። ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ የሚተመነው በተገዛበት ሳይሆን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው። የሱቁ መደርደሪያና ሚዛን ግን አይቆጠሩም። 4 ሚሊዮን ብር የደረሰ ሰው 100 ሺህ ብር ያወጣል።

ሁለተኛው ሥራ ዕዳና አደራን በጽሑፍ ማስፈር ነው። የሰዕድ ልጆች ታሪክ የሚያስጠነቅቀን ቸር አባት መሆን ብቻውን ልጅን እንደማይጠብቅ ነው። ማን ምን እንዳለበትና የቱ የማን እንደሆነ ባልና ሚስት በአንድ ምሽት ተቀምጠው ቢጽፉት፣ ወራሾች ነገ ከመካሰስ ይድናሉ።

ሦስተኛው ከልጆች ጋር መነጋገር ነው። ማዕዱ ሲሞላ አባት የአይብና የቅቤውን ታሪክ ከአጭሯ ከፈን ታሪክ ጋር አያይዞ ቢነግራቸው፣ ልጁ ሁለቱንም ይማራል። ላቡን አፍስሶ መነገድ እንደሚያስከብር ያውቃል፤ ያገኘው ሁሉ ለእርሱ ብቻ እንዳልተሰጠውም ይረዳል።